መፍቻ የያዘው ተጫዋች

«ስፓይ! ስፓይ ከኋላህ!»

የጮኸው የራቤሉ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ተማሪዎች በጋራ በተከራዩት ክፍል ውስጥ አራት ላፕቶፖች በኬብል ተያይዘዋል። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነውና ጋቢ ያልደረበ የለም፤ አንደኛው ጣቱ እንዳይደነዝዝበት በየመሐሉ እጁን እፍ ይላል። እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም። የግሼው ልጅ «ራቤል»፣ የመርሐ ቤቴው «ዓለም ከተማ»፣ የመንዙ «መሐል ሜዳ» ነው። አራተኛው እዚሁ ደብረ ብርሃን ስላደገ «አከራያችን» ይሉታል።

መሐል ሜዳ ዞረና በመፍቻው ሁለት ጊዜ መታ። ወዳጅ መስሎ የተጠጋው ስፓይ ወደቀ። ስፓዩ የለጠፋትን ማበላሻ ደግሞ በሌላ ሁለት ምት ከመሣሪያው ላይ ነቀላት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የተጎዳውን መሣሪያ እየቀጠቀጠ መጠገን።

«አንተ ግን ከተቀመጥክ ጀምሮ አንድ ጥይት ተኩሰሃል?» አለው ዓለም ከተማ ከተቃራኒው ወገን። እሱ ሮኬት ተኳሽ ነው፤ በዚያች በር ለመግባት ሞክሮ በተደጋጋሚ ሞቷል።

«ምን አስቸኮለኝ፣ እሱ ይተኩስልኝ የለ?»

«እሱ» የተባለው ሴንትሪ ነው፤ ጠላት ሲያይ ራሱ ዞሮ፣ ራሱ አልሞ የሚተኩስ መሣሪያ። ከጎኑ ቁስለኛ የሚያክምና ጥይት የሚያድል ሣጥን ቆሟል፤ ስሙ ዲስፔንሰር ነው። ከዚያ ወደኋላ ጥግ ይዞ የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አለ፤ በመነሻው አካባቢ ያለው ጓደኛው ላይ የወጣ ሰው በቅጽበት እዚህ ይገኛል። ቴሌፖርተር ይሉታል። ሦስቱንም የሠራው፣ የሚጠብቃቸውና የሚጠግናቸው ይህ ቢጫ የግንበኛ ቆብ ያደረገ ገጸ ባሕርይ ነው። ኢንጂነር ይባላል።

ጌሙ ቲም ፎርትረስ 2 ነው። የአሜሪካው ቫልቭ ኩባንያ ያወጣው በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥሩ ግን ወደኋላ ይርቃል። ሮቢን ዎከር፣ ጆን ኩክና ኢያን ኮሊ የሚባሉ አውስትራሊያውያን ወጣቶች በ1996 እ.ኤ.አ. ኩዌክ የተባለውን የተኩስ ጌም ወስደው ቡድን ከቡድን የሚገጥምበት፣ እያንዳንዱም ተጫዋች የየራሱ ሙያ የሚኖረው አድርገው ለወጡት። የዛሬው ጌም ዘጠኝ ሙያ አለው። ሯጭ አለ፣ ሮኬት ተኳሽ አለ፣ እሳት ለኳሽ አለ፣ ከሩቅ አነጣጣሪ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሰላይ አለ። ከሁሉ ከባዱ ሄቪ 300 የጤና ነጥብ ሲሸከም ኢንጂነሩ 125 ብቻ ነው ያለው። ፊት ለፊት ቢጋጠም ከአብዛኞቹ ይሸነፋል። ስለዚህ ብልሃቱ አለመጋጠም ነው፤ የገጠመውም ሰው ከመሣሪያው ጋር ብቻ እንዲጋጠም ማድረግ።

ስለ ተኩስ ጌም በዚህ አገር ሲጻፍ አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተኩስ ድምፅ ጌም አይደለም። የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ብዙ ቦታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እነዚህ ልጆች በኬብል ተያይዘው የሚጫወቱት አንድም ከዚያ ጊዜ በቀረ ልማድ ነው፤ የጎደለውን ተጫዋች ኮምፒውተሩ ራሱ በቦት ይሞላላቸዋል። መሐል ሜዳን ለምን ኢንጂነር እንደመረጠ ብጠይቀው ትከሻውን ሰብቆ፣ «መተኮስ ብዙም አይስበኝም፣ መሥራት ይሻለኛል» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም፤ እኔም አልገፋሁትም።

ግን ሌላ ምክንያትም አለ፤ እሱም ቴክኒክ ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም ዱባይ ተቀምጦ ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ የሚጫወት ሰው የመጀመሪያው ጠላቱ መዘግየት ነው። ማውሱን ጠቅ ባደረገበትና ሰርቨሩ ትእዛዙን በሰማበት ጊዜ መካከል ክፍተት አለ። ተጫዋቾች ፒንግ የሚሉት ይህን ነው። ፒንጉ ከፍ ያለ ሮኬት ተኳሽ ጠላቱ ላይ አልሞ ሲተኩስ ጠላቱ ቀድሞ ከቦታው ሄዷል። ሴንትሪ ግን የሚያነጣጥረው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። የባለቤቱ መስመር ቢንቀራፈፍ የመሣሪያው ዓይን አይደክምም። ስለዚህ ደካማ ኢንተርኔት ያለው ሰው ለቡድኑ ሊያበረክት የሚችለው ትልቁ ነገር በጥሩ ቦታ የተተከለ ሴንትሪ ነው። ይህን ብዙ ተጫዋች አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም ስለ ጌም የሚጽፉትና ቪዲዮ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሰርቨሩ ደጃቸው ላይ ያለላቸው ናቸው።

ወደ ሙያው እንግባ። ኢንጂነር ከ200 በላይ ብረት በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ሴንትሪ ለመትከል 130 ይወስዳል፣ ዲስፔንሰር 100፣ የቴሌፖርተሩ መግቢያና መውጫ እያንዳንዳቸው 50። እያንዳንዱን መሣሪያ በአንድ ደረጃ ለማሳደግ 200 ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ደረጃ ሦስተኛው ነው። ቴሌፖርተሩ ሁለቱም ጫፎች አብረው ስለሚያድጉ አንዴ መክፈል ይበቃል። ደምሩት፦ ሦስቱንም መሣሪያ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ለማድረስ 1,530 ብረት ያስፈልጋል። ያን የሚያመላልሰው በ200 አቅም ያለው ሰው ነው። ብረቱ የሚገኘው በየማፑ ከተቀመጡ የጥይት ሣጥኖች፣ ከሞቱ ተዋጊዎች ከወደቀ መሣሪያና ከራሱ ከዲስፔንሰሩ ነው። ጀማሪ ኢንጂነር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሴንትሪውን ተክሎ ይቆማል፣ ብረት አልቆበታል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የለመደው ግን ከመትከሉ በፊት ሣጥኖቹ የት የት እንዳሉ በልቡ ይዟል፤ መንገዱም በእነሱ በኩል ነው።

አጥቂ ወገን ስትሆን ቅድሚያ ለቴሌፖርተር ስጥ። ጀማሪ ሁሉ ግን የሚጀምረው በሴንትሪ ነው፤ ምክንያቱም ሴንትሪ ይገድላል፣ መግደልም ነጥብ ላይ ይታያል። ቴሌፖርተር ግን ማንንም አይገድልም። ከመነሻው ተነስቶ ግንባር ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሄቪ፣ ፍጥነቱ ከተለመደው 77 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ሲደርስ ጦርነቱ አልቆ ያገኘዋል። ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ ቴሌፖርተር በየሦስት ሰከንዱ አንድ ሰው ያሻግራል፤ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው በየአሥር ሰከንዱ። ሞቶ የተነሣ ቡድን በሰልፍ ሆኖ ሲሻገር አንድ በአንድ ተንጠባጥቦ ከመድረስ ይልቅ በአንድነት ይደርሳል። የተኩስ ጌም አብዛኛው ሽንፈት የሚመጣው ተንጠባጥቦ በመድረስ ነው። ይህን ያዳነው ሰው ግን ውጤት ሰሌዳው ላይ ግርጌ ይገኛል።

ዲስፔንሰር የት ይተከል የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ በሰከንድ 10 የጤና ነጥብ ይሰጣል፣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ 20። ብዙ ሰው ከሴንትሪው ሥር ለራሱ ይተክለዋል፤ ብረት እንዲያድለው። ያ ራስ ወዳድነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ጥሩ ኢንጂነር የሚጠይቀው ግን «የቆሰለ ጓደኛዬ ሲሸሽ ወዴት ነው የሚሸሸው?» ብሎ ነው። ግድግዳውን ዞር እንዳለ፣ ጥይት የማይደርስበት ግን ከግንባሩ ሩቅ ያልሆነ ጥግ ይኖራል። ሣጥኑ እዚያ ካለ የቆሰለው ሁለት ሦስት ሰከንድ አርፎ ይመለሳል። ከሌለ እስከ መነሻው ይሮጣል፣ ወይ መንገድ ላይ ይሞታል።

ሴንትሪውን ደግሞ የአገሩ መልክዓ ምድር ራሱ ያስተምራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ደጋው በአንዴ ይቆረጥና ቆላው ከሥር ይዘረጋል። ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አገር ምድሩን ያያል፤ አገር ምድሩም እሱን ያየዋል። ጀማሪ ሴንትሪውን የሚተክለው እንዲህ አፋፍ ላይ ነው። ሴንትሪው ግን የሚያየው በጌሙ መለኪያ 1,100 ዩኒት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ባሻገር የቆመ አነጣጣሪ እያፏጨ ይሰብረዋል። ትክክለኛው ቦታ ከአፋፉ ወደኋላ ገባ ብሎ፣ በሩን የሚያልፍ ሁሉ ሴንትሪውን የሚያየው ሴንትሪው ሊመታው በሚችልበት ርቀት ሲደርስ ብቻ የሆነበት ነው። ጣርማ በርን በዋሻ የበሱት ጣሊያኖች ናቸው፤ ገደሉን ለመውረድ ከመታገል ተራራውን መብሳት ቀለላቸው። ጌም ውስጥም እንዲህ ያለ ተቃዋሚ አለ፤ በሩን ትጠብቃለህ፣ እሱ በመስኮት ይመጣል። ስለዚህ አንድ መግቢያ ብቻ አለ ብሎ የሚያምን ኢንጂነር ብዙ አይቆይም።

መሐል ሜዳ ካብ ይክባል። ይህን ያወቅሁት ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ክረምት ዕረፍቱ ስጠይቀው ነው። መንዝ ውስጥ የቤቱም፣ የግቢውም፣ የማሳው ድንበርም ድንጋይ ነው፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረደራል። ትልልቁ ከታች፣ ክፍተቱ በጠጠር ይደፈናል፣ በየመሐሉ ደግሞ ካቡን ከፊት እስከ ኋላ የሚያስር ረጅም ድንጋይ ይገባል። አባቱ ዝናብ የሸረሸረውን ካብ በየዓመቱ ይመለሱበታል፤ ሳይናድ ነው የሚጠገነው። ኢንጂነሩም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ ደረጃ ሴንትሪ 216 የጤና ነጥብ አለው፤ ይህ ከአንድ ሄቪ ያነሰ ነው። የሚያስፈራው ብረቱ ሳይሆን ከኋላው ቆሞ በየምቱ የሚጠግነው ሰው ነው። ያ ሰው ከተገደለ ሴንትሪው የሰከንዶች ዕድሜ ነው የሚቀረው።

ሰላዩም ይህን ያውቃል። ስፓይ መጀመሪያ ኢንጂነሩን ከጀርባ ይወጋል፣ ከዚያ ማበላሻውን መሣሪያው ላይ ይለጥፋል። የተለጠፈበት መሣሪያ ሥራ ያቆማል፤ ጤናው በሰከንድ 25 እየቀነሰ ይሞታል። ይህም ሦስተኛ ደረጃ ሴንትሪ ዘጠኝ ሰከንድ እንኳ አይቆይም ማለት ነው። መድኃኒቱ ጥርጣሬ ነው። ወዳጅ መስሎ የሚመጣን ሁሉ በመፍቻ መታ ማድረግ ልማድ ይሁን፤ የራስ ወገን በራስ ወገን ምት አይጎዳም። ሰላይ ግን ይደማል። ጀርባን ለግድግዳ መስጠት፣ በየጥቂት ሰከንዱ ዞሮ ማየት፣ ወደ አንተ እያየ የሚቆም «ጓደኛ» ሥራ እንደሌለው ማወቅ። ራቤል ይህን ሲያብራራልኝ፣ «ሥራ ፈት ወዳጅ ጠርጥር» ብሎ ሳቀ። እሱ ራሱ ስፓይ መጫወት ስለሚወድ የሌባውን ብልሃት ከሌባው ሰማሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መተው ነው። የተቃራኒው ወገን ሐኪም እያከመ የሞላውን ክምችት በሙሉ ሲለቅ እሱና አብሮት ያለው ተዋጊ ለስምንት ሰከንድ ጥይት አይበሳቸውም። ያን ክምችት ለመሙላት ቢያንስ 40 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ ኢንጂነሩ መቁጠር አለበት፤ ካለፈው ልቀት ስንት ሰከንድ ሆነ፣ ሐኪማቸው ሞቷል ወይስ አለ። ሲመጡ ሦስት ምርጫ አለው። ከሴንትሪው ኋላ ተደብቆ እየጠገነ ስምንቱን ሰከንድ ማሳለፍ፤ ይህ የሚሆነው አጥቂው አንድ ብቻ ከሆነ ነው። ወይም ሴንትሪውን ተሸክሞ መሸሽ፤ ይህ የተፈቀደው በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ በፊት አንዴ የተተከለ መሣሪያ አይነሳም ነበር። ሦስተኛው ምርጫ ሁሉንም ጥሎ ራስን ማትረፍ ነው። ኢንጂነር ከተረፈ ሁሉን እንደገና ይሠራል፤ መሣሪያው ተርፎ እሱ ከሞተ ግን መሣሪያውም ያው ይሞታል። እኔ እንዳየሁት ብዙዎች የሚወድቁት ይህችን ፈተና ነው፤ ብረት ያፈሰሱበትን ነገር ጥሎ መሄድ ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ትዝ ይሉኛል። ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ እነ ዋልድማየርን የመሰሉ አውሮፓውያን ባለእጆች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡላቸው፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያመሩ መድፉን ትተውት አልሄዱም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ንጉሥ ሆነው እንደ ግንበኛ የሠሩ፣ የመንገድ ሥራን ክብር ለወታደሩ በገዛ እጃቸው ያሳዩ መሪ ናቸው፤ ያን ማንም አይነሳቸውም። ግን አምስት ወር ያህል በአንድ መድፍ ላይ አለቀ፣ ሠራዊቱ በየቀኑ እየተበተነ። እንግሊዞች ሚያዝያ ላይ ሲደርሱ መድፉ ውጊያውን አልለወጠም። ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ታሪክ ጸሐፊ አይደለሁምና ከዚህ አልፌ አልፈርድም። ኢንጂነር ሆኜ ስጫወት ግን ከባዱን መሣሪያ ተሸክሞ ማፑን የሚያቋርጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ያ ጉዞ ፊቴ ላይ ይመጣል።

በመሐል ሜዳ አገር በመንዝ ያለፈ ሌላ ታሪክ ግን ከጌም ጋር አብሮ መጠራቱ እንኳ ያሳቅቃል። ይሁንና እንደ ኢንጂነሩ ከኋላ ስለሚቆም ደጀን የሚጽፍ ሰው መንዝን ጠርቶ ዘረትን ሊዘል አይችልም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴና በአካባቢው ይንቀሳቀሱ ነበር። ተዋጊው ስንቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያገኘው ከኋላ ካለው ሕዝብ ነው፤ ከተማ ውስጥ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ እህል ተሸካሚው፣ ፈጪዋ፣ አስታማሚዋ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም ላሎ ምድር ውስጥ ዘረት አጠገብ ባለው፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ የተጠለለው ይህ የኋላ ሰው ነበር፤ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ልጆች፣ ከጥቂት ታጣቂዎች ጋር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ፣ መርዝ ጋዝ አስገባበት፣ እጅ ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ረሸነ። ብዙ መቶ ሰው አለቀ። ነገሩ በአካባቢው ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን ከጦር ሰነዶች ጋር አገናኝቶ ለዓለም ያሳወቀው፤ ከዚያም አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል የመሯቸው የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ውስጡን አጥንተዋል። ወራሪው ደጀኑን የመታው አርበኛውን መያዝ ስላቃተው ነው። ፎካሪው በስሙ ሲዘፈንለት፣ በዚያ ዋሻ የቀረው አብዛኛው ሰው ስሙ አልተጻፈም።

ወደ ጌሙ ስንመለስ ለኢንጂነር ያለው ክብር እዚያም ከፍ ያለ አይደለም። ቲም ፎርትረስ 2 በውድድር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ለስድስት ይካሄዳል፤ የተለመደው አሰላለፍ ሁለት ስካውት (ሯጭ)፣ ሁለት ሶልጀር (ሮኬት ተኳሽ)፣ አንድ ዲሞማን (ቦምብ ወርዋሪ) እና አንድ ሐኪም ነው። ኢንጂነሩ የለበትም። የሚጠራው የመጨረሻዋን ቦታ ለመከላከል ሲጨንቅ ነው፤ ያኔ አንዱ ሮጦ ልብስ ይቀይራል። ዘጠኝ ለዘጠኝ በሚደረገው ሃይላንደር በሚባለው ውድድር ግን እያንዳንዱ ሙያ አንድ አንድ ሰው ስለሚኖረው ኢንጂነር ግዴታ ነው፤ እውነተኛው የኢንጂነር ጨዋታ የሚታየውም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስድስት ለስድስቱ ኢንጂነርን የጣለው ፍጥነት ስለሚወድ ነው። ሴንትሪ የቆመበት ጨዋታ ይንቀራፈፋል፣ ተመልካች ይሰለቻል። ክርክሩ እውነት አለው። ግን ስፖርቱ ለተመልካች ሲባል ግማሽ ሙያውን ከጣለ የቀረው ሌላ ጌም ነው።

ሌሎቹ ኩባንያዎችም ግንበኛውን ሲያንሱና ሲጥሉ ኖረዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በነፃ የተለቀቀው ዎልፈንስታይን ኢነሚ ቴሪቶሪ ኢንጂነሩን የሁሉ ቁልፍ አድርጎት ነበር፤ ድልድዩን እሱ ካልሠራ ታንኩ አያልፍም፣ ድማሚቱን እሱ ካላጠመደ በሩ አይፈርስም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦቨርዎች ቶርቢዮን የተባለ አንጥረኛ ነበረው፤ ከወደቁ ተዋጊዎች ብረት ለቅሞ ለጓደኞቹ ጥሩር ይሰጥ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽሉት ያን መስጠቱን ወሰዱበትና እሱን ራሱን የተሻለ ተዋጊ አደረጉት። ያው ዓመት ባትልፊልድ 5 ደግሞ በተቃራኒው ምሽግ መሥራትን አመጣ፤ አካፋና የአሸዋ ከረጢት ለሁሉም ተሰጠ፣ ደጋፊው ወታደር ግን ከሌላው በፍጥነት ይገነባ ነበር። ፎርትናይትን ያሳደገው ግንባታ ነው፤ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ግንባታውን አንሥቶ ሲሞክረው ብዙ ሰው ወደደለትና ግንባታ የሌለበትን ዓይነት ቋሚ አደረገው።

እኛ ጋ ግን ብዙው ወጣት የሚጫወተው በስልክ ነው። ሰፈር ውስጥ ካለው የፕሌይስቴሽን ቤት የእግር ኳስ ጌም ቀጥሎ የሚሰማው ስም ፐብጂ፣ ፍሪ ፋየርና ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል ነው። ቅኔ ጌምስን የመሰሉ የአገር ውስጥ ሠሪዎች ኩኩሉና ገበጣን የመሰሉ ጨዋታዎች አውጥተዋል፤ ቡድን ለቡድን የሚያዋጋ ግን ገና የውጭው ነው። በስልክ የሚጫወት ሰው ስለ ኢንጂነር ማወቁ ምን ይጠቅመዋል ከተባለ ፍሪ ፋየር ውስጥ ያለውን የግሉ ዎል ቦምብ ማየት ይበቃል። ስትወረውረው ከፊትህ ጋሻ የሚሆን ግድግዳ በቅጽበት ይቆማል። አብዛኛው ልጅ የሚጠቀምበት ራሱን ለማዳን ነው። በቡድን ሲጫወቱ ግን ተመትቶ መሬት ላይ የወደቀ ጓደኛ ፊት ግድግዳውን አቁሞ ማንሣት ጨዋታ የሚገለብጥ ሥራ ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይልም ውስጥ ዲፌንደር የተባለው ሙያ የሚታጠፍ ጋሻ ይተክላል። ጥያቄው ከኢንጂነሩ ጋር አንድ ነው፤ ይህን ነገር እዚህ ባቆመው የሚጠቀመው ማነው?

ክፍሉ ውስጥ ጨዋታው አልቆ ውጤት ሲወጣ መሐል ሜዳ ከወገኑ ሦስተኛ ነበር፣ አንዱ ቦት እንኳ በልጦት። ዓለም ከተማ ግን ሰሌዳውን ትቶ፣ «አንተ ባትኖር በመጀመሪያው ዙር ነበር የምንገባው» አለው። አጠገቡ የተቀመጠው «አከራያችን» ቀጥሎ ማን ኢንጂነር እንደሚሆን ሲጠይቅ ማንም እጁን አላወጣም።

ለሚጀምር ሰው ምክሬ አጭር ነው። ቲም ፎርትረስ 2 ከሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ያነሳዋል፤ አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ከቦት ጋር ለመለማመድ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ደስትቦል የሚባለውን ማፕ ምረጡ፣ መከላከያው ወገን ግቡ፣ ከመክፈቻው በፊት ያለችውን ደቂቃ በሙሉ ለግንባታ ተጠቀሙባት። መጀመሪያ የምታዩት ስንት እንደገደላችሁ ሳይሆን ጓደኛችሁ ስንት ጊዜ በቴሌፖርተራችሁ እንዳለፈ ይሁን። ከሰው ጋር ስትገጥሙ ደግሞ ቡድናችሁ ውስጥ ስምንቱም ተኳሽ መርጠው ካያችሁ፣ ዘጠነኛ ተኳሽ አትሁኑ፤ መፍቻውን አንሱ።